የአባባ የራስ ልክ

ዴልፍዘይል፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1997

ቲኑስ፣

የአባባን የራስ ልክ አልነግርህም።

ሹራብ ኮፍያ የምሠራለት እኔ ስለሆንኩ ልኩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን አልነግርህም። ትናንት በስልክ ስትጠይቀኝ ለልደቱ ስጦታ ልትገዛለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ "ለሜክሲኮ ባርኔጣው ነው" አልክና ሳቅክ። ስልኩ ተቋርጦ አይደለም፤ ጆሮህ ላይ ዘግቼብህ ነው። ደግመህ ስትደውልም ሲጮህ እየሰማሁ ነው ያላነሳሁት። ከአሁን በኋላ በደብዳቤ ነው የምንነጋገረው። በስልክ ሁልጊዜ ትስቃለህ፤ ከኋላህ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ደንበኛ ይጠራሃል፣ እኔ ንዴቴን ሳልጨርስ "ኡሲ፣ ሰው መጣ" ብለህ ትጠፋለህ። ደግሞ ኡሲ እያልክ አታባብለኝ። ታላቅ እህትህ መሆኔ በአምቦን ቋንቋ ትዝ የሚልህ ስታጠፋ ብቻ ነው።

እስቲ የነገርከኝን በጽሑፍ ላስፍረው፤ ተጽፎ ስታየው ምናልባት ታፍር ይሆናል። የካርኒቫል ማኅበሩ ዘንድሮ አባባን ሊያከብር ነው። ልቡን ስላመመው ከፋሲካ በኋላ ካፍቴሪያችን ውስጥ መቆሙን ይተዋልና፣ ሊያመሰግኑት ፈልገዋል። እሰየው። ታዲያ ምን አሰቡ? ትራክተር የሚጎትተው ጋሪ ላይ ቤት የሚያህል ሜክሲካኖ፣ ያን የምትጠብሱትን ሥጋ፣ ከእንጨትና ከወረቀት ሠርተው፣ አባባን ከላዩ ጉብ አድርገው፣ ያን ሰፊ ባርኔጣ ደፍተውለት፣ የውሸት ሪዝ ለጥፈውለት፣ ጎኑ ላይ "የእኛ ሜክሲካኖ" ብለው ጽፈው መንደሩን ሊያዞሩት!

አባባችን አምቦን የምትባል የሩቅ ምሥራቅ ደሴት ሰው ነው። ስሙ ያፌት ሌካቶምፔሲ ነው። ልጅ ሆኖ ከወታደር አባቱ ጋር በመርከብ ወደዚህ አገር ሲመጣ ለጥቂት ወር ነው ተብለው ነበር፤ ይኸው አርጅቶበታል። ሜክሲኮን በካርታ ላይ አሳየኝ ብትለው ጣቱን ብራዚል ላይ የሚያሳርፍ ይመስለኛል። ሜርስዶንክ በሙሉ አርብ አርብ ተሰልፎ የሚበላው ያ ጎድጎድ ያለ፣ በዘይት የተጠበሰ፣ አፍ የሚያቃጥል የተፈጨ ሥጋም ሜክሲኮ ደርሶ አያውቅም። በርበሬ ስለበዛበት አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሜክሲካኖ አለው። አባባም ሥጋውም ሌላ ሰው ያወጣላቸውን ስም ነው የተሸከሙት፤ ሥጋው ግን አይሰማውም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። አባባን ማን ጠየቀው? እሱስ ምን አለ?

ሲና

*

ሜርስዶንክ፣ ጃንዋሪ 18

ኡሲ ሲና፣

ኡሲ ያልኩሽ ስላጠፋሁ አይደለም፤ ስለተናደድኩ ነው።

ደብዳቤሽን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ያነበብኩት፤ ወረቀቱ ረጥቦ ብታዪ አለቀሰ ብለሽ እንዳትደሰቺ።

የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሺ አለ። አለቀ።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ሰሜን ጫፍ ከባሕሩ ዳርቻ ሄደሽ አውቶቡስ ትነጃለሽ። ድንች ጥብሱን እንኳ እንደነሱ ፓታት ማለት ጀምረሻል። ባለፈው የገና በዓል እዚሁ ቆመሽ "አንድ ፓታት" ስትዪ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ሲያይሽ እኔ ነኝ ያፈርኩት፤ እዚህ ፍሪት ነው የሚባለው፣ ረሳሽው? በዚህ አንደበትሽ ስለ ሜርስዶንክ ትፈርጃለሽ። እማማ ከሞተች ጀምሮ ከአባባ ጋር ዘይቱ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ጸጉሬ ታጥቦም ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ሴት ልጅ ስተዋወቅ ስሜን ሳልነግራት ሥራዬን ታውቃለች።

ሜክሲካኖ የሚሉት በፍቅር ነው። ከዚያ በፊት ምን ይሉት እንደነበር አባባ ራሱ ነግሮናል። መጀመሪያ ካሰፈሯቸው የወታደር ካምፕ ወጥቶ የእማማ አባት ካፍቴሪያ ድንች ሊልጥ የገባ ጊዜ "ጥቁሩ" ነበር ስሙ። "ጥቁሩ፣ ፍሪት አምጣ!" ከዚያ ይሄ ሥጋ ወጣ። አባባ መሃሉን ሰንጥቆ፣ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ጠብሶ፣ ጥሬ ሽንኩርት እየሞላ የራሱን የበርበሬ ድልህ ቀባበት። ከየመንደሩ ሰው በብስክሌት እየመጣ ይበላ ጀመር። እና ሜክሲካኖ አሉት። ከ"ጥቁሩ" ወደ "ሜክሲካኖ" እድገት ነው፣ ሲና። እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

ዋውትን ታውቂዋለሽ፤ የቀለም መደብሩ ባለቤት፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። መናደድሽን ስነግረው "ሲና ያልተናደደችበት ካርኒቫል ካርኒቫል አይባልም" ነው ያለኝ። የአባባን ልክ ስለከለከልሽን ባርኔጣውን በእኔ ራስ ለክቶ ቆርጦታል። ለአባባ ትንሽ ይሰፋዋል። ጋዜጣ እንጠቀጥቅበታለን።

አባባ ደህና ነው። መድኃኒቱ ይሁን ምን እንጃ፣ ትንሽ ዝምታ አብዝቷል።

ቲኑስ

*

ዴልፍዘይል፣ ጃንዋሪ 22

ቲኑስ፣

"ትንሽ ዝምታ አብዝቷል" ብለህ መጨረሻ ላይ ጣል አደረግካት፣ ልክ ውጭ ብርድ ነው እንደሚል ሰው።

"እሺ አለ፣ አለቀ።" እንዲህ ነው የጻፍከው። እኔ አንተን አላውቅህም? በል አሁን ቁጭ በልና አስታውስ። ቃል በቃል ምን አለ? "እሺ" ነው ወይስ "እሺ፣ ቆይ"?

አባባ በሕይወቱ እምቢ ብሎ አያውቅም። ሞተር ብስክሌት ግዛልኝ ብለህ እግሩ ሥር ስትንደባለል ምን አለህ? እሺ ቲኑስ፣ ቆይ። ሞተሩን አየኸው? እማማ ወደ ካቶሊክ እንዲገባላት ስትለምነው ምን አላት? እሺ ሪኬ፣ ቆይ። እሷ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን ጓሮ ተቀብራለች፣ እሱ እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ አውቶቡስ ተሳፍሮ አምቦኖቹ ጋ ይጸልያል። በዚያ ቤት ውስጥ "ቆይ" ሌላ ትርጉም ኖሮት ያውቃል? እኔም አንተም ከጡት ጋር የተማርነው ቃል ነው። አንተ ስላልተመቸህ ረስተኸዋል።

በፍቅር ነው ላልከኝ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። እማማ የተቀበረች ቀን አንተ ሣጥኑን ከተሸከሙት ጋር ከፊት ነበርክ፤ እኔ ከአባባ ጎን ነበርኩ። ማኅበሩ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልኮ ነበር። ሪባኑ ላይ በወርቃማ ፊደል "ለሜክሲካኖ፣ በሐዘንህ አብረንህ ነን" ይላል። አባባ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበው። ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ እጁን እየጨበጠ አመሰገነ። ሚስቱን ሲቀብር እንኳ ስሙን ነፈጉት፣ ቲኑስ! ያን ሪባን ያሳተመው ማን ይመስልሃል? ይኸው የአንተ ዋውት ነው።

ያነደደኝ እድገት ነው ያልከው ነው። ደብዳቤህን መነሻ ፌርማታው ላይ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ ስነዳ በንዴት ሰው የሞላበትን ፌርማታ አልፌው ሄድኩ። አንዲት አሮጊት በዣንጥላ የኋላውን መስኮት መታችው። እውነቷን ነው።

የጠየቅኩህን መልስ።

ሲና

*

ሜርስዶንክ፣ ጃንዋሪ 27

ሲና፣

"እሺ፣ ቆይ" ነው ያለው። በቃ? ደስ አለሽ?

ቢሆንስ አሁን ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ? ጋሪው አልቋል። ከኖቬምበር ጀምረው የዋውት አማች መጋዘን ውስጥ ብርዱ እየገረፋቸው ሲያጣብቁ፣ ሲቀቡ ነው የከረሙት። ጎድጎዱ ሳይቀር ቁርጥ ራሱ ነው። ከሥሩ ጭስ የሚያወጣ ማሽን ገጥመውለታል፣ ዘይት ውስጥ ያለ እንዲመስል። ልጆች ሽንኩርት መስለው ከኋላው ይከተላሉ። እኔ ሄጄ "ተዉት፣ እህቴ ተቆጥታለች" ልበላቸው? አንቺ ትቆጪና ባቡር ላይ ወጥተሽ ትሄጃለሽ። እኔ ግን በማግስቱ በር ከፍቼ ዘይት የማግለው ለእነሱ ነው። ባይመጡስ? አባባ ዕድሜውን የጨረሰበት ቤት በእኔ እጅ ይዘጋ?

ደግሞም አባባ አልከፋውም። ባለፈው ሳምንት ራሱ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ አይቶታል። ዋውት እያሳቀ ነው የነገረኝ። አባባ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጋሪውን ዞረው አሉ። ከዚያ "ዋውት፣ እዚህ ጎኑ ላይ ስሜ ይገባል?" ብሎ ጠየቀው።

"ገብቷል እኮ! ሜክሲካኖ ይላል፣ አታይም?" አለው ዋውት።

"እሱን አይደለም። ስሜን ነው።"

"የአንተ ስም'ማ ከጋሪው ይረዝማል! እሱን ለመጻፍ ሁለተኛ ትራክተር መከራየት ሊኖርብን ነው።"

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። አባባም ሳቀ አሉ። ታዲያ የከፋው ሰው ይስቃል?

ትንሽ ያሳሰበኝ ግን አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ከዚያ ቀን ወዲህ ድልሁን አይሠራም። ማሰሮው ባዶ ነው። ደንበኛ ሲጠይቀኝ በርበሬ አልቋል እላለሁ። አባባን ስጠይቀው ምን እንዳለኝ አልጽፍልሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ቲኑስ

*

ዴልፍዘይል፣ ጃንዋሪ 31

ቲኑስ፣

አባባ ስሙን ለመነ። ጋሪው ላይ ስሜን ጻፉልኝ ብሎ በእርጅናው ለመነ፣ ሳቁበት። አንተ ደግሞ ያንን ቀልድ ብለህ ጻፍክልኝ።

ሰው መሃል ቆሞ ሲሳቅበት ሌላ ምን ያድርግ? ሳቀ እንጂ!

አሁን የምጽፈውን ለዋውት አንብብለት። ካርኒቫል ሲደርስ ሜርስዶንክ ስሟን ታወልቃለች። መሰላል አምጥታችሁ የመንደሩን መግቢያ ሰሌዳ ትሸፍኑና "የእንቁራሪቶች ከተማ" የሚል ትሰቅሉበታላችሁ። ልጅ ሆኜ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ከንቲባው የመንደሩን ቁልፍ ያስረክባል፣ ጫማ ሰፊው ልዑል ይሆናል፣ ሁሉም የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ የሌላ ሰው ስም ይዞ ይሰክራል። ምክንያቱም ያልቃል። ጾሙ ሲገባ፣ የአመዱ ረቡዕ ጠዋት፣ ቄሱ ግንባራችሁ ላይ አመድ ይቀቡላችኋል፣ ሰሌዳውን ታወርዱና የራሳችሁን ስም መልሳችሁ ታገኛላችሁ።

የአባባ ረቡዕ መቼ ነው?

ከእንግዲህ አልጽፍልህም።

ሲና

*

ዴልፍዘይል፣ እሁድ ፌብሩዋሪ 9

ቲኑስ፣

አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ቃሌን ያፈረስኩት ለአንተ ብዬ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ አንተ መሆንህን አውቄ ተውኩት። ምን ልትጠይቅ እንደሆነም አውቃለሁ። አዎ፣ በሰላም ደርሷል። መድኃኒቱንም ይዟል። አይ፣ እኔ አልጠራሁትም። ትናንት በሩን ስከፍት በዚያ በወፍራም ካፖርቱ ቆሞ ሳየው የምገባበት ነው የጠፋኝ።

በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እኔ ደግሞ ልብስ መስሎኝ! ጥቂት ሜክሲካኖ ነው፣ ገና እንደ ድንጋይ የደረቀ በረዶ። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር በባቡር ይዞት መጥቷል። ኪሱ ውስጥ ደግሞ የድልህ ብልቃጥ አለ። ለካ ለእኔ ሲል ደብቆ ሠርቷል። "ራት እኔ ነኝ የምሠራው" አለና የእኔን ድስት አገላብጦ አይቶ "በዚህ ነው የምትኖሪው?" ብሎ አዘነልኝ። ዘይቱን አጋለ፣ መሃላቸውን ሰነጠቀ፣ ሽንኩርቱን ከተፈ። መቼም ቤቴ ለሳምንት ካፍቴሪያ ካፍቴሪያ ሊሸት ነው።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ፍሬርክዬ ሽታውን ተከትላ መጣች። ሰማኒያ ያለፋት ሴት ናት፣ ጆሮዋ ይከብዳታል። እጁን ጨበጠችና "እርስዎ ደግሞ ማን ይባላሉ?" አለችው። ነገራት። አልሰማችም። ደግሞ ነገራት። "ሌካ ምን?" አለች። ቀስ ብሎ እየከፋፈለ ነገራት፣ ስትሳሳት እያረመ፣ እስክታገኘው። ስታገኘው ጠረጴዛውን መታ አድርጋ "አቶ ሌካቶምፔሲ፣ ይሄ ምግብዎ አፌን አቃጠለው፣ ሌላ ይጨምሩልኝ" አለችው። የእናታችንን ስም ይዤ ነው የምምልልህ፣ አባባ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

አሁን ይህን ስጽፍ እናንተ ጋ ሰልፉ ተጀምሯል መሰለኝ። አባባ መስኮቱ ጋ ሆኖ ባሕሩን ያያል። ጋሪው ባዶውን ሲያልፍ ለሰዉ ምን እንደምትላቸው አላውቅም፤ አንተ ያመጣኸው ነው፣ አንተ ተወጣው።

ስለ አንተ ጠየቅኩት። "ልጁ ቃል ገብቶላቸዋል፤ ምን ያድርግ?" ነው ያለኝ። እሱ አልተቆጣህም። እኔ ግን የእሱንም ድርሻ ጨምሬ ተቆጥቼሃለሁ።

ሲና

*

ሜርስዶንክ፣ ሐሙስ ፌብሩዋሪ 13

ኡሲ፣

ይሄኛው ኡሲ ስላጠፋሁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ የዘይት መጥበሻው ክዳን ላይ "ሲና ጋ ሄጃለሁ" የሚል ወረቀት አገኘሁ። ተናደድኩ። አንቺ ያሴርሽው መስሎኝ ስሰድብሽ ዋልኩ። እሁድ ጠዋት ስደውል አላነሳሽም። ከሰዓት ጋሪው በር ላይ መጥቶ ቆመ፣ ሙዚቀኞቹ ይነፋሉ፣ ልጆቹ ሽንኩርት መስለው ይንጫጫሉ፣ ዋውት "ሜክሲካኖ! ና ውጣ!" ይላል። አባባ ሄዷል ልላቸው ነበር። ፈራሁ። ባርኔጣውን ደፋሁት። በራሴ ልክ የተቆረጠ ነው፣ እንደ ቆዳዬ ገባልኝ። ሪዙን ለጠፍኩ። ወጣሁ። እንደሚያውቁኝ፣ እንደሚሳቅብኝ፣ ነገሩ በሳቅ እንደሚያልቅ ነበር የገመትኩት።

ሲና፣ ማንም አላወቀኝም።

ከአባባ በአንድ ጭንቅላት እረዝማለሁ። ግማሽ ዕድሜውን ነኝ። ፊቴ የእማማ ነው። መንደሩን ሙሉ ዞርኩ። በየመስኮቱ "ሜክሲካኖ! ሜክሲካኖ!" እያሉ አበባ ወረወሩልኝ። አርብ አርብ ከአባባ እጅ የሚቀበሉ ሴቶች እጃቸውን እየሳሙ ወደ እኔ ላኩ። ከንቲባው ጋሪው ላይ ወጥቶ እጄን በሁለት እጁ ይዞ "ስንት ዘመን አበላኸን! እግዜር ይስጥህ!" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ዓይን ለዓይን እያየኝ ነው የምልሽ! ዋውት ደግሞ ቢራውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ትከሻዬን አቀፈኝና ጆሮዬ ላይ "ያ ልጅህ ቲኑስ የት ሄዶ ነው? ሰክሮ ተኝቶ ነው አይደል?" አለኝ።

ዋውት ሰክሮ ነበር፣ አዎ። ግን መንደሩ ሙሉ አልሰከረም። ባርኔጣውን ነው ሲያዩ የኖሩት። ከሥሩ ማንም ቢኖር ግድ የላቸውም። አንቺ ይህን ስትጮሂ የኖርሽው ነው፣ እኔ ደግሞ ፍቅር ነው ስልሽ። አሁን ግን በጣም ነው የተናደድኩት።

ትናንት ረቡዕ መግቢያው ላይ ቆሜ አየኋቸው። ዋውት ግንባሩ ላይ አመዱ እንዳለ መሰላል ላይ ወጥቶ "የእንቁራሪቶች ከተማ"ን ፈታና ሜርስዶንክ የሚለውን በመዳፉ ጠረገው። የጻፍሽው ትዝ አለኝ።

ዛሬ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ዋውት ነው። ከኋላው ሰልፉ በር ድረስ ሞልቷል።

"አንድ ሜክሲካኖ፣ ሽንኩርቱን ደፋ አድርገህ!" አለ። "አባትህ እሁድ እንዴት ነበር ግን! ንጉሥ መሰለ እኮ!"

ሥጋውን ዘይቱ ውስጥ እያስገባሁ ነበር። "ስሙ ማን ነው?" አልኩት።

"የማን?"

"የአባቴ።"

"ቀልድህን ተው ቲኑስ፣ ርቦኛል።"

"እየቀለድኩ አይደለም። ስሙ ማን ይባላል?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ኋላው ዞር አለ፣ የሚረዳው ሰው ሲፈልግ። "ሌካ…" አለ፣ "ሌካ… ረጅም ነው እኮ፣ አታስቸግረኝ!" ረጅም መሆኑን ያውቃል፣ ማን መሆኑን አያውቅም። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከዚህ ቤት ይበላል። ከኋላው ያሉትንም ጠየቅኩ። መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አንዷ "ያ… ያዕቆብ?" አለች።

ሥጋውን ከዘይቱ አውጥቼ አስቀመጥኩት። እሳቱን አጠፋሁ።

"እንዴ፣ አትጠብስልኝም?" አለ ዋውት።

የአባባን ፈገግታ ፈገግ አልኩለት።

"እሺ ዋውት" አልኩት፣ "ቆይ።"

ዘይቱ እስኪበርድ ቆሞ ጠበቀ።

ወንድምሽ
ማርቲኑስ ሌካቶምፔሲ